የእንዶድ ምስክሮች

ሐረር፣ ኤረር በር ቆሜ ወደ ምሥራቅ ሳይ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ያኔ በሐረር ግዛት ሥር በነበረችው ጅጅጋ ነው።

በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። ግኝቱን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡት። የውጭው ዓለም ግን ተጠራጠረ፤ በሠለጠነው አገር ላቦራቶሪ ደረጃ እንደገና ይፈተሽ ተባለ። አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሲቀበሉ 1989 ሆኗል።

ዛሬ ተመራማሪ የሚመዘነው ሌሎች ጽሑፉን በጠቀሱት ብዛት ነው። የዚያ ጽሑፍ መነሻ ግን ስማቸው ያልተመዘገበ አጣቢዎች ናቸው። እነሱንስ ማን ይጥቀስ?