ጨርቅ ሻጩ ኢማምና የዘመናችን ልብስ ነጋዴ

ዒድ ሲቃረብ ለልጆቻችን ልብስ ለመግዛት ገበያ እንወጣለን። ጨርቁን እንዳብሳለን፣ ስፌቱን እናያለን፣ በዋጋው እንከራከራለን። ሻጩ ልብሱን ከየት እንዳመጣው፣ ለሰፋው ሰው ምን እንደተከፈለው መጠየቅ ግን አልለመድንም። በዚህ ረገድ አንድ የጥንት ነጋዴን ማስታወስ ይጠቅማል።

ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በ80 ዓመተ ሂጅራ በኩፋ ከተማ ተወለዱ። የምናውቃቸው በፊቅህ ሊቅነታቸው ቢሆንም፣ ይተዳደሩ የነበረው «ኸዝ» የተባለውን ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ጨርቅ በመነገድ ነበር። አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ «ታሪኽ በግዳድ» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ ኢማሙ ሐፍስ ለተባለ የንግድ ሸሪካቸው ጨርቅ ሲልኩ በአንዱ ላይ ዐይብ እንዳለ ነግረው፣ ሲሸጥ ለገዢው እንዲገልጽ አሳሰቡት። ሐፍስ ግን ሳይናገር ሸጠው፤ ገዢው ማን እንደሆነም አልታወቀም። ኢማሙ ይህን ባወቁ ጊዜ የጨርቁን ዋጋ በሙሉ ሶደቃ አደረጉት። ልብ በሉ፤ ገዢው አቤት አላለም። ምናልባት እንከኑን ከነጭራሹ አላየውም።

ሌላም ይተረካል። አንዲት ሴት የሐር ልብስ በ100 ዲርሃም ልትሸጥላቸው ብትመጣ «ዋጋው ከዚህ ይበልጣል» አሏት። መቶ መቶ እየጨመረች 400 ስትደርስም «አሁንም ይበልጣል» ሲሏት «ትቀልድብኛለህን?» አለች። በመጨረሻ ዋጋ አዋቂ ተጠርቶ በ500 ተሸጠላት።

ዛሬ ዐይቡ ከጨርቁ ላይ አይታይም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ፣ በዳካ አቅራቢያ፣ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ በውስጡ በነበሩት የልብስ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ስንጥቁ የታየው በዋዜማው ነው። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስቀረ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን እንዲገቡ ተገደዱ። ከዚያ በኋላ ከፍርስራሹ መካከል የልብስ ምልክትና የትዕዛዝ ወረቀት እየተለቀመ ሸማዮቹ የውጭ ድርጅቶች እነማን እንደሆኑ ታወቀ። መጀመሪያ ክዶ ኋላ ያመነም ነበር! እዚያ የተሰፋው ሸሚዝ ግን አንድም እንከን ላይኖረው ይችላል።

በቀጣዩ ወር በርካታ ድርጅቶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት ፈረሙ፤ የፋብሪካዎች ፍተሻ ውጤትም ለሕዝብ ይፋ ይሆን ጀመር። ናይኪን የመሰሉ ጥቂቶች የሚያሰፉባቸውን ፋብሪካዎች ዝርዝር ያወጡት ቀደም ብለው በ2005 ነበር። በኔ እይታ ሻጭን ለመመዘን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የሰፋበትን ቦታ ስሙን ጠርቶ ይናገራልን? አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ወረቀት ማንጠልጠልማ ለማንም አያስቸግርም። ዋጋም አያስተማምንም፤ ርካሹም ውዱም ከአንድ ፋብሪካ ሊወጣ ይችላል።

ነገሩ ከአገራችንም ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብቻ እንደሆነና ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ገለጹ። ከገጠር የመጣች ልጅ የጉልበቷን ዋጋ አታውቅም፤ «ከዚህ ይበልጣል» የሚላት ገዢም አልነበረም። ልብሱ ላይ የተሰፋው ጽሑፍ የሚናገረው «በኢትዮጵያ የተሠራ» መሆኑን ብቻ ነው።

ይሁንና «ከዚያ አንገዛም» ማለትም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በ2021 መጨረሻ ከፓርኩ ዋና ዋና ድርጅቶች አንዱ ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። በጃንዋሪ 2022 አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉን አቋረጠች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ያችኑ 26 ዶላር አጡ።