የጓሮ ዛፍ ሒሳብ



በብድር ማመልከቻ ቅጻችን ላይ «የገቢ ምንጭ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። የሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ እነዚህን ቅጾች አንድ በአንድ አነባለሁ። አባላት በዚያ ቦታ ጉሊት፣ እንጀራ፣ ጠላ፣ ዶሮ እርባታ እያሉ ይጽፋሉ። «ማንጎ» ወይም «ብርቱካን» ብላ የጻፈች አንዲት እናት ግን አላጋጠመችኝም። ሆኖም ከመካከላችን ስንቶቻችን በጓሮ ዛፍ ፍሬ ሽያጭ ደብተርና ጫማ እንደተገዛልን እኛው እናውቃለን።

ባለፈው ስብሰባችን ለአባላት የፍራፍሬ ችግኝ ይታደል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎቻችን በደስታ ተቀብለነዋል። እኔም ደግፌዋለሁ። ከማደላችን በፊት ግን ከዚህ ቀደም በጓሯችን የነበሩት ዛፎች ከየት እንደመጡና ምን እንደደረሰባቸው ብናስታውስ መልካም መስሎ ስለታየኝ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ስሞቻቸው እንደ ደረሰኝ ናቸው

ነባር የሆነው የወለጋ ጓሮ አንጮቴ፣ ጌሾ፣ ቡናና ጤና አዳም ያለበት ነው። ዛሬ «የጓሮ ፍራፍሬ» የምንላቸው ዛፎች አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው። ከየት እንደመጡም ስማቸው ይመሰክራል።

ሎሚና ትርንጎ የእስያ ዛፎች ሲሆኑ ስማቸው በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። በአገራችን ረጅም ዕድሜ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሰሜኑ ገዳማት አካባቢ የብርቱካን፣ የሎሚና የትርንጎ ዛፎች ማየቱን ጽፏል። «ብርቱካን» የሚለው ቃል ራሱ ከፖርቱጋል አገር ስም የመጣ ነው። ጣፋጩን ብርቱካን የፖርቱጋል ነጋዴዎች በየወደቡ ስላዳረሱት ዐረቦች፣ ቱርኮችና ግሪኮችም እንደኛው በዚያ አገር ስም ይጠሩታል። የዛፉ ጥንተ መነሻ ግን ቻይና ነው።

«ማንጎ» ከደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች የተወሰደ ቃል ነው። «ሙዝ» ዐረብኛ ነው። ፓፓያ፣ አቮካዶና ዘይቱን ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። «ዘይቱን» የሚለው ስም ታሪክ ደግሞ ያስገርማል። በዐረብኛ ዘይቱን ማለት ወይራ ነው፤ እኛ ግን ስሙን ለሌላ ፍሬ ሰጥተን ለምደነዋል። አቮካዶ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን መጀመሪያ በሂርናና በወንዶ ገነት የግል አትክልተኞች ተክለውት ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ዛሬ ነቀምቴ ላይ አቮካዶ የሌለበት ግቢ መፈለግ አድካሚ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዛፍ አንድ ሰው በእጁ ይዞት የመጣ ነው። የነዚያን ሰዎች ስም ማን ጻፈው?

የተጻፈውና ያልተጻፈው

የወለጋ ታሪክ ጽሑፍ የጎደለው አይደለም። የነቀምቴው ገዥ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ብዙ ደብዳቤዎችና ሰነዶች አስቀርቶልናል። ታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተአ አሰባስበው አሳትመዋቸዋል። ከወለጋ ለማዕከላዊው መንግሥት ይሄድ የነበረው ወርቅና የዝሆን ጥርስ የታወቀ ነው፤ የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። የቡናውም መንገድ እንዲሁ ይታወቃል። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት ባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ እየተጫነ ጋምቤላ ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በምላሹ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር።

ወርቁና ቡናው የሚጻፈው ግብርና ቀረጥ ስለሚከፈልበት ነው። የጓሮ ሎሚ ግን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ለሕመምተኛ ይጨመቃል፣ የተረፈው ጉሊት ላይ ይሸጣል። በዚህ መካከል መዝገብ የሚይዝ ሰው የለም።

የሴቶችን ሥራ ሳይመዘግቡ መተው ደግሞ በጓሮ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብታ ያስተማረች፣ በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሥራም ትልቅ ድርሻ የነበራት ሴት ናት። በመጽሐፍ የሠራችው እንኳ ስሟ ለረጅም ጊዜ ከተሸፈነ፣ በመኮትኮቻ የሠራችው ባትጠቀስ ምን ይገርማል!

የአኮ ማንጎ

እኔ የማውቀው የዛፍ ታሪክ የቤታችን ነው። አያቴን «አኮ» ነበር የምንላት። ቤቷ ዲጋ ውስጥ፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲሄዱ መንገዱ ወደ ዲዴሳ ዝቅ በሚልበት በኩል ነበር። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ለማንጎ ትንሽ ትበርዳለች፤ የዲዴሳ አቅጣጫ ግን ሙቀት ስላለው ማንጎ ይወደዋል።

አኮ እንደምትነግረን ልጃገረድ ሳለች ነጋዴ አጎቷ ከደምቢዶሎ ገበያ ሲመለስ ጥቂት ማንጎ ይዞ መጣ። ፍሬውን በልተው ሲጨርሱ ሌሎቹ አጥንቱን ጣሉት። እሷ ግን አንዱን ከቤቱ ኋላ፣ አመድ በሚደፋበት ቦታ ቀበረችው። ከፍሬ የበቀለ ማንጎ ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሞላው አያፈራም። እሷ ግን ሳታፈርስ፣ ከብት እንዳይበላው በእሾህ አጥራ ጠበቀችው። በዚያው ጓሮ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚም ነበሯት።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታ ደግሞ በሐምሌ አዋጅ የመንግሥት ሲሆን ጓሮም አብሮ ተለወጠ። በከተማ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዛሬ በከተሞቻችን የሚሰጠው ከዚያም ያንሳል። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ዛፎች ከጓሮ መሀል ወጥተው አጥር ላይ የተጠጉት ቦታ ሲጠብ ነው። የአኮ ዛፎች ግን ገጠር ስለነበሩ ባሉበት ቆሙ።

ብርቱካኖቹ ቀድመው ሄዱ። ልጅ ሳለሁ ቅጠላቸው ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጥብ ወጥቶ ዙሪያው ቢጫ ሆነ፤ ፍሬውም ሳይበስል ይረግፍ ጀመር። ብዙ ዓመት ቆይቼ ስለ ብርቱካን በሽታ ሳነብ ምልክቱ ከአንድ የታወቀ የሻጋታ በሽታ ጋር ሲመሳሰል አየሁ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1952 አንጎላና ሞዛምቢክ ውስጥ ታውቆ ኋላ እርጥበት ወዳላቸው የአገራችን አካባቢዎች የደረሰ ነው። ያኔ እኛ ቤት የተባለው «አረጀ» ብቻ ነበር።

ማንጎው ግን ቀረልን። አኮ ስታርፍ ለእናቴ ተላለፈ። ነቀምቴ ኮሌጅ ስማር የቤት ኪራዬ ከዚያ ዛፍ ነበር የሚከፈለው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እናቴ ፍሬውን በኬሻ ሞልታ ወደ ነቀምቴ ትልካለች፤ አንዲት ዘመዳችን በመደብ በመደብ አድርጋ ትሸጥና ብሩን ለእኔ ትሰጠኛለች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ስንት ኬሻ እንደላከች በሸክላው ግድግዳ ላይ በከሰል ታሰምር ነበር። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው የሒሳብ መዝገብ ያ ግድግዳ ነው።

ነጩ ተባይ

በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባለው ተባይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የታየውም እዚሁ ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ ውስጥ ነው። ይህ ተባይ የእስያ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን ናሙናው የተገኘው ከታይዋን ደሴት ነው። ማንጎ በተተከለባቸው ብዙ የዓለም ክፍሎች እየተከተለ ሄዷል።

ሲያዩት ነፍሳት አይመስልም፤ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ሴቷ ከነጭ ክብ ልባስ ሥር ተጣብቃ የቅጠሉን ውሃ ትመጣለች፤ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሱት ገና የተፈለፈሉት ናቸው፤ እነሱንም ነፋስ ይወስዳቸዋል። ሩቅ አገር የሚያደርሳቸው ግን ሰው ነው፤ በችግኝ፣ በቅጠልና በፍሬ ይዟቸው ይሄዳል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ፍሬው ይቀንሳል፣ የደረሰውም ላይ ቀላ ያለ ነጥብ ስለሚወጣበት ገበያ ላይ ማንም አይመርጠውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ጓሮ ደረሰ። ጎረቤቶች አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ አንዳንዱ የመንገዱ አቧራ ነው አለ። እናቴ የደረሰችበትን ቅጠል በሳሙና ውሃ አጠበች፣ ከሥሩ እሳት አጫጭሳ ሞከረች። ዛፉ ግን ቤቱን በእጥፍ ይበልጥ ስለነበር ላይኛውን ማን ይደርስበታል? አንድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ፤ የተሰጠኝ መልስ «ጥናት ላይ ነው» የሚል ነበር። በሦስተኛው ዓመት እናቴ ዛፉን አስቆረጠችው። ከሰል ሆኖ ተሸጠ። በዚያ ዓመት ግድግዳው ላይ የተሰመሩት የከሰሉ ኬሻዎች ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚቆጨኝ ኋላ ያወቅሁት ነገር ነው። ተባዩ የተፈገፈገና ጥላ የበዛበት ዛፍ ይወዳል። ቅርንጫፉን አሳስቶ ብርሃንና አየር እንዲገባ ማድረግ፣ የተጠቃውን ቅጠል ሰብስቦ ማቃጠል፣ ዛፉን ከጥንቱ አሳጥሮ መያዝ ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ዛፉ ባይድን እንኳ እየከረከምን ልንሞክርለት እንችል ነበር። እኛ ግን የሆነብንን የሚነግረን አላገኘንም፤ እኛም ለማንም አልተናገርንም።

ሒሳቡ ሲዘጋ

ቡና ሲታመም ነጋዴው፣ ላኪውና መንግሥት ያውቃሉ፤ በመዝገባቸው ላይ ጉድለት ይታያልና። የጓሮ ማንጎ ሲደርቅ ጉድለቱ የሚታየው የልጅ ኪራይ ሲያጥር፣ ዕቁብ ሲዘገይ፣ ቁጠባ ሲቋረጥ ነው። እኛም ቅጹ ላይ «ማንጎ» ብለን ስላልጻፍን ብድሯን ያዘገየችውን እናት «ሰነፈች» እንላታለን። በሒሳብ ትምህርት ያልተመዘገበ ንብረት ሲጠፋ ኪሳራው አይመዘገብም። የጓሯችን ታሪክ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ስለዚህ ችግኝ ከመታደሉ በፊት ለአባላትም ለደጋፊዎቻችንም የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። መጀመሪያ፣ የሚመጣው ችግኝ ከየት እንደተነሣ እንጠይቅ፤ ቅጠሉን ገልብጠን እንይ። ተባዩ በችግኝ ይሄዳልና በልግስና የተሰጠን ስጦታ በሽታ ይዞ እንዳይገባ። ሁለተኛ፣ ለማንጎ ግራፍት የተደረገ ችግኝ እንምረጥ፤ ይህም ጥሩ ዘር ካለው ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገ ማለት ነው። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ማፍራት ይጀምራል፤ እየተከረከመ አጭር ሆኖ ሊያዝ ስለሚችልም አንዲት ሴት ቆማ ትደርስበታለች። ሦስተኛ፣ በአንድ ጓሮ አንድ ዓይነት ብቻ አይተከል። አኮ ብርቱካኑ ሲሞትባት ማንጎው ያቆያት ሁለቱንም ስለተከለች ነው።

የመጨረሻው ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛዋ የሚመለከት ነው። ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ በቁጠባ ደብተራችን ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። በዚያ ዓምድ የእያንዳንዷ አባል ዛፍ ዓይነት፣ የተተከለበት ዓመት፣ ችግኙን የሰጣት ሰውና የዓመቱ ሽያጭ ይጻፍ። ቅጠል ሲነጣ ወይም ሲነጠብ ያም ይጻፍ። ሰላሳ ሴቶች በአንድ ወር «ቅጠሌ ነጣ» ብለው በደብተር ቢያስመዘግቡ ያንን ይዘን ባለሙያ ዘንድ እንሄዳለን። «ጥናት ላይ ነው» ቢሉን የጥናቱ መነሻ በእጃችን ነው።

እናቴ ባለፈው ክረምት በድሮው ማንጎ ጉቶ አጠገብ ግራፍት የተደረገ ማንጎና አንድ አቮካዶ ተክላለች። ዓምዱ ከተፈቀደ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሷ ናት። ችግኙን ማን እንደሰጣት ጠይቄያት «አንቺው አይደለሽ እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። እንደዚያው ብዬ እጽፋለሁ።