ያለጊዜው መነሳት (ስፖርት)

ያለጊዜው መነሳት በስፖርት ውድድር ተወዳዳሪው ደንቡ ከሚፈቅድለት ቅጽበት ቀድሞ ቦታውን የሚለቅበት ጥፋት ነው። በአትሌቲክስ ሯጩ የመነሻውን ተኩስ ሲቀድም፣ በታዳጊዎች ቤዝቦል ደግሞ የቆመበትን ቤዝ ቀድሞ ሲለቅ ይታያል። ጥፋቱ በዓይን ጥቅሻ የሚያልፍ ሲሆን ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ እስከ መሰረዝ ይደርሳል።

በአትሌቲክስ

እስከ 400 ሜትር ባሉ ውድድሮች ሯጮች ከመነሻ ብሎክ ተንበርክከው ይነሳሉ። አስጀማሪው ዳኛ ቦታ እንዲይዙ፣ ቀጥሎም እንዲዘጋጁ ያዛል፤ ሁሉም ጸጥ ሲሉ ይተኩሳል። በትልልቅ ውድድሮች ብሎኩ ላይ የተገጠመ መሣሪያ የእግርን ግፊት ይመዘግባል። ከተኩሱ በኋላ ከ0.100 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተነሳ ሯጭ ድምፁን ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደተነሳ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው የ110 ሜትር መሰናክል ሯጭ ዴቨን አለን በ0.099 ሰከንድ በመነሳቱ ከፍጻሜው ተሰርዟል።

የድምፅ ፍጥነትም ለፍትሕ እንቅፋት ይሆናል። በ400 ሜትር የ8ኛው መም ሯጭ ከ1ኛው መም 53 ሜትር ያህል ቀድሞ ይቆማል። አስጀማሪው 1ኛው መም አጠገብ ቢተኩስ ድምፁ 8ኛው ሯጭ ጋር ለመድረስ 0.15 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሯጭ ኋላ ድምፅ ማጉያ ይቀመጣል።

ቅጣቱ በየጊዜው ጠብቋል፦

• እስከ 2002 እ.ኤ.አ.፦ አንድ ሯጭ የሚሰረዘው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያጠፋ ነበር።
• ከ2003 እስከ 2009፦ ለውድድሩ በሙሉ አንድ ጥፋት ብቻ ይታለፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያጠፋ ሁሉ ይሰረዛል።
• ከ2010 ወዲህ፦ በመጀመሪያው ጥፋት መሰረዝ። እንደ ዴካትሎን ባሉ ጥምር ውድድሮች ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ።

በዚህ ደንብ ዩሴይን ቦልት በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ከ100 ሜትር ፍጻሜ ተሰርዟል።

ኢትዮጵያውያን በሚታወቁባቸው ርቀቶች

ከ800 ሜትር ጀምሮ ሯጮች በቁማቸው ይነሳሉ፤ ቦታ ከያዙ በኋላ የሚከተለው ተኩሱ ብቻ ነው። በ800 ሜትር ሌላም ያለጊዜው መልቀቅ አለ፦ ሯጩ የመጀመሪያውን ኩርባ በመሙ ጨርሶ የተሰመረውን ቅስት መስመር ሳያልፍ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። መሐመድ አማን በ2013 በሞስኮ በ1:43.31 ለኢትዮጵያ በርቀቱ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘው በዚሁ ሥርዓት ሮጦ ነው።

በመም ዳር የሚቆሙ ዳኞች ጥፋት ሲያዩ ቢጫ ባንዲራ አንሥተው ያመለክታሉ፤ ውሳኔው የዋና ዳኛው ነው፤ ይግባኝም ይጠየቅበታል። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የ5000 ሜትር ፍጻሜ አሜሪካዊው ፖል ቼሊሞ በመም ጥሰት ሲሰረዝ ሐጎስ ገብረሕይወት ለጥቂት ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ነበር፤ ቼሊሞ በይግባኝ ሲመለስ ግን ነሐሱን ይዟል። በዚያው ውድድር የተሰረዘው ሙክታር እድሪስ አልተመለሰም።

አዲስ አበባ በ2008 የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮናን፣ በ2015 ደግሞ የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮናን አስተናግዳለች።

በታዳጊዎች ቤዝቦል

በአዋቂዎች ቤዝቦል ሯጩ ወርዋሪው ኳሱን ሳይወረውር ከቤዙ ጥቂት ሊርቅ ይችላል። በሊትል ሊግ ዕድሜያቸው እስከ 12 ዓመት በሆኑ ታዳጊዎች ጨዋታ ግን የተወረወረው ኳስ መቺው ጋር እስኪደርስ ቤዙን መልቀቅ ክልክል ነው። በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት 18.3 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የተነሳ ልጅ ቀጣዩን ቤዝ በቀላሉ ይይዛል።

ዳኛው የሯጩን እግርና የኳሱን መድረስ በአንድ ጊዜ ማየት ስላለበት ሁለቱም ከሚታዩበት ማዕዘን ይቆማል። ጥፋት ሲያይ ምልክት ይሰጣል እንጂ ጨዋታውን ወዲያው አያቆምም። መቺው ኳሱን ካልመታ ሯጩ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሲሮጥ ከተያዘ ግን መውጣቱ ይጸናል። በሶፍትቦል ቅጣቱ ይከብዳል፦ ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሳይወጣ ቤዙን የለቀቀች ሯጭ ወዲያው ትወጣለች።