ድልህና ያልተጻፈው የእናቶቻችን ትምህርት

አገራችን ጋይንት በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው። ከሩቅም ከቅርብም የመጣ ደቀ መዝሙር ድጓውን አስመስክሮ የሚመለሰው ከዚሁ ነው። እኛ ግን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው ርእስ ከጓዳ የተገኘ ነው፤ ይኸውም የድልህ ታሪክ ነው። አንባቢዎቻችን በርእሱ ፈገግ ቢሉም እንኳ እስከ ፍጻሜው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ድልህ ስንል ትኩስ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከለጋ ቅጠላ ቅጠል ጋር ተደቁሶ የሚሠራውን ማለታችን ነው። በሌላ ስፍራ ዳጣ ወይም ቆጭቆጫ የሚሉትም የዚሁ ወገን ነው።

ቅጠልን ከጨው ጋር መደቆስ እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ሞሬቱም የሚባል ግጥም፥ አንድ ገበሬ ማለዳ ተነሥቶ ነጭ ሽንኩርት፥ ጤና አዳም፥ ድንብላልና አይብ ከጨው ጋር ሲደቁስ ያሳያል። ከእኛው ድልህ ጋር ሲተያይ የሚጎድለው ዋና ነገር ቃሪያ ነው። ቃሪያና በርበሬ የአሜሪካ ተክል ስለሆኑ፥ ኮሎምቦስ በ1485 ዓ.ም. ባሕሩን እስኪሻገር ድረስ በአውሮጳም፥ በእስያም፥ በአፍሪካም አይታወቁም ነበር።

ቁንዶ በርበሬ ወገኑ ሌላ ሲሆን፥ ከሩቅ በመርከብ የሚመጣና ዋጋው የከበደ ነበር። በ1512 ዓ.ም. የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካቀረቡት ገጸ በረከት አንዱ ይኸው ነበር። በኋላ ግን ፖርቱጋሎች ወደ ህንድ ያደረሱት የአሜሪካ ተክል በንግድ መንገድ ተዛምቶ ወደ እኛ ዘለቀ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ፥ ሰዎች ጥሬ ሥጋ በጤፍ እንጀራ ጠቅልለው፥ ቁንዶ በርበሬ ወይም ቀይ በርበሬና ጨው ነስንሰው ሲበሉ ማየቱን ጽፏል። እንግዲህ ለንጉሥ እጅ መንሻ የነበረው የሚያቃጥል ቅመም በድሃው ጓሮ ምትክ አገኘ፤ እንግዳውም ተክል ባላገር ሆነ ማለት ነው።

ይህ ተክል በዓለም ላይ በሚዛመትበት በዚያው ዘመን፥ በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደሠሩ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ስለዚህም መምህር ቢሞት ዜማው አልጠፋም። በባቢሎን ምድርም ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት የወጥ አሠራር በሸክላ ላይ ተጽፏል። እኛ ግን ፊደልና ብራና ሳለን የድልህን አሠራር የሚጽፍ አልተገኘም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ብራናው በወንዶች እጅ፥ ሙቀጫው በሴቶች እጅ ነበረ።

እናቶቻችንን ልኩን ብንጠይቃቸው «እጅ ያውቀዋል» ብለው መለሱልን። ስለዚህ እነርሱ ሲሠሩ እኛ እየቆጠርን ጻፍን፤ እንደሚከተለውም ነው። ዐሥር ቃሪያ አጥቦ ውኃው እስኪደርቅ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ውኃ የቀረበት ድልህ ቶሎ ይበላሻልና። አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አስቀድሞ ይደቆሳል። ከዚያ ቃሪያው ይገባል። ማቃጠሉ እንዲቀንስ የሚሻ ሰው ፍሬውን የያዘውን ነጩን ሥር ያውጣ፤ ኃይሉ ያለው በፍሬው ሳይሆን በዚያ ነውና። በመጨረሻም አንድ ጭብጥ ለጋ በሶብላ፥ ጥቂት የድንብላል ቅጠልና ሁለት ትንንሽ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ጨምሮ፥ ሳይልም ሸካራ እንደ ሆነ ማውጣት ነው። ጤና አዳም ከበዛ ይመራል።

የዜማ ምልክት ያለ መምህር እንደማይነበብ ሁሉ፥ ይህም ጽሑፍ ብቻውን ድልህ አይሠራም። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ እጃቸው የሚያውቀውም አብሯቸው እንዳይሄድ እንፈራለን። ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን፥ ወንድ ሴት ሳንል፥ ደብተራችንን ይዘን ከሙቀጫው አጠገብ እንቀመጥ።