የአጥንት መሳሳትና የአከርካሪ ማያያዣ ቀዶ ጥገና

የአከርካሪ ማያያዣ ቀዶ ጥገና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የአከርካሪ አጥንቶች በብሎንና በዘንግ ተይዘው፣ በመካከላቸውም የአጥንት ቅንጣት ተደርጎ፣ እንደ አንድ አጥንት እንዲገጥሙ የሚያደርግ ሕክምና ነው። አጥንቱ ከቦታው ሲንሸራተት፣ በአደጋ ሲሰበር፣ በቲቢ ሲጎዳ ወይም ጀርባ ሲጎብጥ ይሠራል። ብረቱ ደጋፊ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ የአጥንቱ መግጠም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል።

የሳሳ አጥንት ብሎኑን አጥብቆ አይዝም፤ አዲስ አጥንትም የሚያበቅለው በዝግታ ነው። ስለዚህ ብሎኑ ሊላላ፣ ከተያያዘው ክፍል በላይ ያለው አጥንት ጭነቱ ሲበዛበት ሊደረመስ፣ ጀርባም እንደገና ሊጎብጥ ይችላል። ቀሎት የነበረው ሕመምተኛ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲመለስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። አንዳንዱም ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይዳረጋል።

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል አጥንት በመድኃኒት እንደሚሳሳ ቅርብ ምሳሌ አለው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ከሥጋ ደዌ ጋር የሚመጣው ከባድ የሰውነት መቆጣት በፕሬድኒሶሎን ይታከማል፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለወራት ይወስዳል። አጥንት ከሚያሳሱ መድኃኒቶች ግንባር ቀደሙ ደግሞ ይኸው ፕሬድኒሶሎንና የእሱ ቤተሰብ ናቸው። ለአስምና ለመገጣጠሚያ ቁጣም ይታዘዛሉ። ቀዶ ሐኪም ከራጁ በፊት «ምን መድኃኒት ሲወስዱ ቆዩ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መስፈርት፣ የአጥንት ጥግግት ውጤት ከኔጌቲቭ 2.5 ጋር እኩል ወይም በታች ከሆነ አጥንቱ ሳስቷል ይባላል። የጥግግት መለኪያው በቅርብ ካልተገኘም ለቀዶ ጥገናው የሚነሣው ሲቲ ስካን ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ላይ የሚነበበው የጥግግት መጠን በሀውንስፊልድ መለኪያ ከ110 በታች ሲሆን ብርቱ ጥርጣሬ ያሳድራል። ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ መረጃ ነውና በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

መሳሳቱ አስቀድሞ ከታወቀ ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሐኪሙ ብሎኖቹን ያበዛል፤ አንዳንዴም በአጥንት ሲሚንቶ ያጠናክራቸዋል። መድኃኒትም ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጃፓን ጥናት አጥንታቸው ሳስቶ ይህን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ያረጡ ሴቶች መካከል ቴሪፓራታይድ የተወጉት 82 በመቶ፣ ቢስፎስፎኔት የወሰዱት ደግሞ 68 በመቶ አጥንታቸው መግጠሙን አሳይቷል። ቴሪፓራታይድ ግን ውድ ነው፤ በየቀኑም የሚወጋ ነው።

ምግብም የሕክምናው አካል ነው። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ከ180 በላይ በሆኑ የጾም ቀናት ወተትና እርጎ አይቀምሱም፤ በእነዚያ ቀናት ካልሲየም ከጤፍ፣ ከጎመንና ከሰሊጥ መፈለግ ይኖርባቸዋል። ፀሐይ በሞላባት አገርም የቫይታሚን ዲ እጥረት አለ፤ በአዳማ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እጥረቱ ከገጠር ልጆች ይልቅ በከተማ ልጆች ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቶሎ ተነሥቶ መራመድ ይበረታታል። ጀሪካን ማንሳትና ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ ግን አጥንቱ መግጠሙ በምስል እስኪረጋገጥ ይቆያሉ። ሲጋራ ማቆም ግድ ነው። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ በብዛት ሲወሰድ መግጠሙን ሊያዘገይ ይችላል፤ አጥንቱ በሳሳ ሰው ላይ አዲስ ሕመም ከተነሣ ደግሞ ማስታገሻ ከመዋጥ በፊት ራጅ መነሣት ያስፈልጋል።