ጃም አደረገ!

የደንዲ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ባለፈው ሐምሌ ጊንጪ ላይ ዝናብ አባርሮኝ አንዲት ጠባብ የታይፕና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከእኔ በፊት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ የተተየበ የይግባኝ ማመልከቻቸውን እየጠበቁ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። ሁለተኛው ግማሹን አሳይቶን ቀረ።

«ጃም አደረገ» አለች ልጅቷ።

«ምን አደረገ?»

«ወረቀቱን ያዘብኝ፣ አባባ።»

«ዛሬ እኮ 60ኛው ቀን ነው፣ ልጄ!»

ለማታውቁት፦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሕጉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ፕሪንተር የሚለው ነገር የለም።

ወረቀት መያዝ ግን ማሽኑ አብሮት የተወለደ አመል ነው። ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በአንድ ድርጅት የፓተንት ክፍል ሲሠራ ሰነድ በእጅ መገልበጥ አሰልቺ ሆነበት። (እኛም ዘንድ «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ ጽሑፍ እየተገለበጠ ነበር የሚሰራጨው። የካርልሰን ምሬት ይገባናል።) እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ኒውዮርክ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙልና በደረቅ ዱቄት ጽሑፍ መቅዳት ቻለ። ሐሳቡን የሚገዛው ኩባንያ ግን ለዓመታት አጣ። ዜሮክስ 914 የተባለው ኮፒ ማሽን ለገበያ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ክብደቱ 300 ኪሎ ገደማ! ወረቀት ሲይዝ ደግሞ ዱቄቱን የሚያቀልጠው ምድጃ አጠገብ እየቀረ ይቃጠል ነበር። ኩባንያው ምን አደረገ መሰላችሁ? ከማሽኑ ጋር ትንሽ የእሳት ማጥፊያ አብሮ ሰጠ። «እሳት» የሚለው ቃል ደንበኛ እንዳያስደነግጥ ግን ሌላ ስም አወጣለት። የማስታወቂያ ሰዎች ያኔም ያው ነበሩ።

ጌሪ ስታርክዌዘር የተባለው የዜሮክስ መሐንዲስ በዚሁ ማሽን ላይ ሌዘር እንጨምርበት ሲል አለቆቹ አልወደዱለትም። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ካሊፎርኒያው ቤተ ሙከራ ተዛውሮ ሠራው። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሌዘርጄት በደቂቃ 8 ገጽ ያትም ነበር፤ ዋጋው 3,495 ዶላር።

ለእኛ ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አይመስለኝም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ ከፊደላችን ብዛት ጋር መታገል ነበረባቸው፤ ፊደሉ ብረት ላይ የተቀረጸ ነውና። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የኦሮሚያ ቢሮዎች በቁቤ መጻፍ ሲጀምሩ የአማርኛው መኪና አልጠቀማቸውም። ሌዘር ግን የላከችለትን በነጥብ ይሥላል፤ ግዕዝ ይሁን ላቲን ግድ የለውም። ጉዳቱ ሌላ ነው። የጽሕፈት መኪና እጆቹ ሲቆላለፉ ፊት ለፊት ታይተው በጣት ይፈታሉ። ሌዘር ሕመሙን ሆዱ ውስጥ ይደብቃል።

ሐምሌ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ አንዱ ከአንዱ ይጣበቅና ሁለት ሦስት ሆኖ ይገባል። ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋው ማቅለጫ ሲያልፍም ይጠቀለላል። በበጋው የዋልካው አቧራ ወረቀት የሚስበውን ጎማ ያለሰልሰዋል፤ ያኔ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ጎማውን በመጠኑ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ደስታውን እስኪፈለግ ከመጠቅለያው አለማውጣት፣ ከመክተት በፊት ማራገፍ፦ ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ማሽኑን አጠፋች፣ ትንሽ እንዲቀዘቅዝ ጠበቀች፣ ቶነሩን አወጣች፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ አድርጋ ሳበች። ወጣ፤ ጥቁሩ ዱቄት ስላልቀለጠ ጣቷን አጠቆራት። አበራችው። አሁንም ያው መልእክት። ሽማግሌው ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። እሷ በስልኳ መብራት ውስጡን ስታይ ቆይታ ከአንድ ጥግ ቴምብር የምታክል ብጣሽ አወጣች። ማሽኑ ወረቀት ማለፉን የሚያውቅባትን ትንሽ ምላስ ተጭና ይዛት ኖሯል።

አዲስ ደስታ ቀደደች። ሁለተኛው ገጽ ወጣ፣ ሦስተኛውም። ሽማግሌው ፈርመው በፌስታል ጠቀለሉትና ጋቢያቸው ሥር ከተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ነበር።