የእንጀራ አባቱን ለፍልሚያ የጠራው የቂሳርያ ጌታ

ከእስራኤሏ የነታንያ ከተማ በስተሰሜን ቂሳርያ፣ በስተደቡብ አርሱፍ ይገኛሉ። የኢየሩሳሌም ንጉሥ ቀዳማዊ ባልድዊን ሁለቱንም የያዛቸው እ.ኤ.አ. በ1101 ነው። በዛሬዋ ነታንያ ክልል በኡም ኻሊድም የመስቀል ጦረኞች ምሽግ ነበር። መሬቱ ለመስቀል ጦረኞቹ መሳፍንት ተከፋፈለ፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፍ ጀመር።

ቂሳርያና ሲዶና የኡስታስ ግረኒዬ ነበሩ። እሱ በ1123 ሲሞት መንታ ልጆቹ ተካፈሉት፦ ሲዶና ለአንዱ፣ ቂሳርያ ለጎቲዬ ደረሰች። እናታቸው ኤማ ግን የኢዮጴን ኮንት ሁግን አገባች። ሁግ በፈረንሳይ የታወቀው የለ ፒዩዜ ቤት ልጅ ነው። አባቱ የያዛትን ኢዮጴን ሊወርስ ያደገበትን የኢጣልያን ምድር ትቶ መጥቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1134 ገደማ ጎቲዬ በኢየሩሳሌም ንጉሥ በፉልክ አደባባይ ተነሥቶ እንጀራ አባቱን በንጉሡ ላይ አሢረሃል ሲል ከሰሰው። ጉዳዩ በሁለቱ ፍልሚያ እንዲለይ ተፈረደ። ሁግ በቀጠሮው ቀን ቀረ፤ በሌለበትም ተፈረደበት። ወደ አስቀሎና ተሻግሮ በዚያ ከነበሩት ግብፃውያን እርዳታ ጠየቀ፤ እነሱም እስከ አርሱፍ ድረስ እየዘረፉ መጡ። የገዛ ሰዎቹ ይህን ሲያዩ ከዱት። በኢየሩሳሌሙ ፓትርያርክ ሽምግልና የሦስት ዓመት ስደት ተወሰነበት።

መርከብ እስኪመጣ ኢየሩሳሌም ሰንብቶ በአንድ ነጋዴ ደጃፍ ዳማ መሳይ የዕጣ ጨዋታ ሲጫወት፣ አንድ የብሪታኒ ፈረሰኛ በሰይፍ ወጋው። ሕዝቡ የንጉሡን እጅ ጠረጠረ። ፉልክ ወንጀለኛው አካሉ እንዲቆረጥ ሲያዝ ምላሱ እንዳይነካ አደረገ፤ ላኪ ካለው እንዲናገር። ሰውየው ማንም አልላከኝም፣ የንጉሡን ሞገስ ፈልጌ ነው አለ። ሁግ ቁስሉ ቢድንም አልተመለሰም፤ የሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር ጋርጋኖን ሰጥቶት እዚያው አረፈ።

ጠቡ ከየት መጣ? የጢሮሱ ሊቀ ጳጳስ ዊልያም፣ ሁግ ከፉልክ ሚስት ከንግሥት ሜሊሳንድ ጋር ይወዳጃል የሚለውን የዘመኑን ወሬ ጽፎልናል። ወሬው ይጣፍጣል፤ ዊልያም ግን የጻፈው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዘመኑ የነበረው የኖርማንዲው መነኩሴ ኦርደሪክ ደግሞ ፉልክ የቀድሞዎቹን መኳንንት እያራቀ ከአገሩ ከአንዡ የመጡ ሰዎቹን መሾሙን ይናገራል። ከፉልክ በፊት የነገሠው ዳግማዊ ባልድዊን በ1131 ሲሞት መንግሥቱን ያወረሰው ለፉልክ ብቻ አይደለም፤ ለልጁ ለሜሊሳንድና ለሕፃን የልጅ ልጁም ጭምር ነው። ፉልክ ብቻዬን ልግዛ አለ፤ ሁግ ከንግሥቲቱ ጎን ቆመ። ከጠቡ በኋላ ንጉሡ ያለ እሷ ፈቃድ ምንም የማያደርግ ሆነ። በፍቅር ወሬ ብቻ የተነሣ ጠብ እንዲህ ባለ ስምምነት አይደመደምም፤ ዋናው ጉዳይ የሴት ልጅ የውርስ መብት ነበር።

ቂሳርያም ከጎቲዬ ወደ ልጁ ሁግ፣ በኋላም ወንድሞቿ ሲያልቁ ወደዚህ ሁግ ልጅ ወደ ዩልያና ተላለፈች። በ1265 ሱልጣን በይበርስ ቂሳርያንና አርሱፍን ሲይዝ የቀረው ማዕረጉ ብቻ ነው።

ነታንያ ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የእኛም ሽማግሌዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማዘዛቸውን ሲያወሱ ኖረዋል። ከርስቱ የተነቀለ ወገን ልጆች የውርስ ክርክር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያናጋ ማንም እንዲያስረዳቸው አያስፈልጋቸውም። ወደ ቂሳርያ ወጥተን የግንቡን ድንጋይ ስንጎበኝ፣ ወራሽነቱን የተነጠቀው ማን ነው፣ ለማንስ ተሰጠ ብለን እንጠይቅ፤ ልጆቻችንንም ይህን እንዲጠይቁ እናስተምር።